"ደም ማቅጠኛ" ደም አያቀጥንም

እሁድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሐዋሳ፣ ባህል አዳራሽ ክፍለ ከተማ፣ ወላጆቼ ቤት ነን። ምሳ ተበልቶ ቡና ደርሷል። አባቴ እንደ ልማዳቸው መስኮቱ ሥር ካለችው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ስለ ድሮ ተማሪዎቻቸው ያጫውቱናል። ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፤ ጨዋታቸው አያልቅም። እናቴ ስኒውን አቀበለቻቸው። በቀኝ እጃቸው ተቀበሉት፤ ስኒው ግን ከጣቶቻቸው መሃል ሾልኮ ወደቀ። ቡናው ሱሪያቸው ላይ ፈሰሰ። የሚገርመው፣ አልጮኹም። እጃቸውን ዝም ብለው ያዩ ነበር።

"ምን ሆንክ?" አለች እናቴ።

ሊመልሱላት አፋቸውን ከፈቱ። የወጣው ድምፅ ግን ቃል አልነበረም።

ሩብ ሰዓት ያህል ቆየ። ከዚያ፣ ልክ ጠፍቶ እንደሚመጣ መብራት፣ ሁሉም ነገር ተመለሰ። እጃቸው ታዘዘላቸው፤ ምላሳቸው ተፈታ። መጀመሪያ የተናገሩትም "ቡናውን ድገሙኝ" የሚል ነበር።

ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዷ "መጋኛ ነው" አሉ። ሌላዋ ዳማከሴ ሊቀጥፉ ወደ ጓሯቸው ሄዱ። እናቴ "አሁን እኮ ደህና ሆኗል፤ ነገ ጠዋት ብንወስደው አይሻልም?" አለች። እኔ ግን መሥሪያ ቤታችን ካዘጋጀው አንድ የጤና ሥልጠና ሦስት ቃላት ጆሮዬ ላይ ቀርተው ነበር፦ ፊት፣ እጅ፣ ንግግር። አባቴ ከሦስቱ ሁለቱን ስተዋል። ባጃጅ አስቁመን ወደ ሆስፒታል ሄድን።

ውድ አንባብያን፣ ሙያዬ ማርኬቲንግ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሐኪም አይደለሁም። በዚህ ወር ግን ስለ ቤት ወጪም ሆነ ስለ ልጆች ትምህርት ቤት አልጽፍም። ስለ አንዲት ትንሽ ፍሬ ኪኒንና ስለ መጥፎ ስሟ ነው የምጽፈው። ስሟ አባቴን ሊያሳጣን ምንም አልቀረውም ነበርና።

ያለፈ የመሰለው ሩብ ሰዓት

ሆስፒታል ያገኘናት ሐኪም በእኔ ዕድሜ ያለች ወጣት ናት። የጭንቅላት ሲቲ ስካን አዘዘች፤ የልብ ምርመራ አደረገች፤ ከዚያም አንገታቸውን በአልትራሳውንድ አየች። ውጤቱን ስትነግረን ወንበሯን ወደ አባቴ አስጠጋች።

"ጋሼ፣ የደረሰብዎት ትንሽ ስትሮክ ነው። ስለተመለሰ ትንሽ እንለዋለን እንጂ፣ የትልቁ ማስጠንቀቂያ ነው።"

እኛ ሐኪሞች "ቲ.አይ.ኤ" የሚሉት ነው ስትል አስረዳችን። ለተወሰኑ ደቂቃዎች ወደ አንዱ የአንጎል ክፍል የሚሄደው ደም ይቋረጣል፤ ከዚያ መንገዱ ይከፈትና ሰውየው ደህና ይሆናል። ችግሩ ሰው ደህና ሲሆን ቤቱ መቅረቱ ነው። ቀደም ባሉ ዓመታት የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት እንዲህ ዓይነት ምልክት ካየባቸው 10 ሰዎች አንዱ ገደማ በ3 ወር ውስጥ እውነተኛው ስትሮክ ይመታዋል። ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ የሚመቱት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ ነው። "ነገ ጠዋት እንወስደዋለን" የሚለው የእናቴ ሐሳብ ምን ያህል አደገኛ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

የአባቴ ችግር የተገኘው አንገታቸው ውስጥ ነው። ከማንቁርታችን ግራና ቀኝ ጣታችንን ቀስ አድርገን ብናሳርፍ የሚመታ ነገር ይሰማናል። ካሮቲድ የሚባሉት ደም ወሳጅ ቧንቧዎች ናቸው። ከልብ የተነሣውን ደም ወደ አንጎላችንና ወደ ዓይናችን የሚያደርሱት እነሱ ናቸው። ዕድሜ፣ ለረጅም ጊዜ ያልታከመ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራና ኮሌስትሮል ተባብረው የቧንቧውን ውስጠኛ ግድግዳ ያበላሹታል። ስብና ካልሲየም እየተለጠፈበት ይጠባል። የአባቴ ግራ ቧንቧ ጠቧል። ግራው የአንጎል ክፍል ቀኝ እጅን ያዛል፤ በአብዛኞቻችን ደግሞ ንግግርን የሚመራው እሱ ነው። ስኒው ለምን ከቀኝ እጃቸው እንደወደቀ፣ ቃሉም ለምን እንደጠፋቸው በአንድ ጊዜ ተፈታልን።

እኔ አንገቱ የጠበበ ሰው የሚታመመው ውኃ እንዳነሰው ቧንቧ ደም ሲያንሰው ይመስለኝ ነበር። ሐኪሟ "ብዙውን ጊዜ እንደዚያ አይደለም" አለችን። የተለጠፈው ስብ አንድ ቀን ይሰነጠቃል። ሰውነት ስንጥቁን እንደ ቁስል ያየዋል። ደማችን ውስጥ ያሉት ፕላትሌት የሚባሉ ጥቃቅን ሕዋሶች ቁስሉን ሊደፍኑ ይሯሯጣሉ፤ እርስ በርስ ይጣበቁና ደሙ እዚያ ላይ ይረጋል። ሽንኩርት ስንከትፍ ቢላ ሲቆርጠን ደሙን የሚያቆሙልን እነሱው ናቸው። አንገት ውስጥ ግን ደግነታቸው ጉዳት ይሆናል። ከረጋው ደም ቁራሽ ተገንጥሎ ወደ ላይ ከሄደ ጠባብ የአንጎል ቧንቧ ላይ ይወተፋል። ይሄ ነው ስትሮክ።

የአባቴ ጥበት ከግማሽ በታች ስለሆነ ቀዶ ሕክምና እንደማያስፈልጋቸው ነገረችን። ምልክት ያሳየና ጥበቱ 70 በመቶና ከዚያ በላይ የደረሰ ሰው ከሆነ ግን ቧንቧውን ከፍቶ የሚያጸዳው ቀዶ ሕክምና በግልጽ እንደሚጠቅም እ.ኤ.አ. በ1991 በሰሜን አሜሪካ የታተመ ትልቅ ጥናት አሳይቷል። ቀዶ ሕክምና ቢደረግም ባይደረግም ግን መድኃኒቱ አይቀርም።

ለአባቴ የታዘዘው አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል ለ3 ሳምንት አብረው፣ ከዚያ በኋላ አስፕሪን ብቻ በየቀኑ፤ በተጨማሪም የኮሌስትሮልና የደም ግፊት መድኃኒት ነው። ለምን ሁለቱ አብረው፣ ለምንስ ለ3 ሳምንት ብቻ? እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ በሆነ፣ በቻይና ከ5,000 በላይ ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ አስፕሪን ብቻ ከወሰዱት 100 ሰዎች ውስጥ 12 ገደማ በ90 ቀን ውስጥ ስትሮክ መታቸው። በመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት ሁለቱን አብረው ከወሰዱት ግን 8 ገደማ ነበሩ። ሁለቱን ለረጅም ጊዜ ማስከተል ደግሞ የመድማት አደጋን ይጨምራል። ስለዚህ አደጋው ከፍ ባለበት ጊዜ ሁለት፣ ሲረጋጋ አንድ።

ስሙ የበላው መድኃኒት

ወደ ፋርማሲ ሄድን። ፋርማሲስቱ ፓኮውን እያቀበለ "ይሄ ደም ማቅጠኛ ነው፤ ምግብ በልተው ይውሰዱ" አላቸው። አባቴ ምንም አላሉም። እኔም ምንም አልመሰለኝም።

አሁን ሳስበው በሥራዬ እንዲህ ያለ የምርት ስም ቢቀርብልኝ ስብሰባውን አቋርጬ እወጣ ነበር። እስቲ በአባቴ ጆሮ ስሙት። በእኛ ቤት ቀጭን ወጥ የተሠራ ወጥ አይደለም። ቀጭን ልጅ አልበላም ማለት ነው። ያደጉበት ዘመን የሰውን ጥንካሬ በደሙ ይለካ ነበር። እንዲህ ላለ ሰው "ደምህን ላቅጥነው" ማለት "ጉልበትህን ልውሰደው" ከማለት አይለይም።

እውነቱ ግን መድኃኒቱ ደም አያቀጥንም። ደማቸው ውስጥ ውኃ አይጨምርም፤ ቀይ የደም ሕዋስ አይቀንስም፤ በራሱ ደም ማነስ አያመጣም። አስፕሪን የሚሠራው ፕላትሌቶች እርስ በርስ እንዲጣበቁ የሚጠራሩበትን ኬሚካል እንዳያመርቱ በማድረግ ነው። ክሎፒዶግሬልም በሌላ በር ገብቶ ይህንኑ መጣበቅ ይከለክላል። ደሙ ያው ነው፤ ያለቦታው የመርጋት ችኮላው ብቻ ነው የሚቀንሰው።

ሁለተኛው ወር ላይ አባቴ ክንዳቸው ላይ ሰማያዊ ምልክት አዩ። ጥርሳቸውን ሲፍቁ ድዳቸው ትንሽ ደማ። ሁለቱም ይህን መድኃኒት በሚወስድ ሰው ላይ የሚታዩ ነገሮች ናቸው። አባቴ ግን የራሳቸውን ምርመራ አደረጉ፦ "ደሜ ቀጥኗል።" ለማንም ሳይነግሩ ኪኒኑን አቆሙና እናቴን ቀይ ሥር በብዛት እንድትገዛ አዘዟት። እሷም የምግብ ፍላጎቱ ተመለሰ ብላ ደስ አላት።

ከዓይን ላይ የወረደው መጋረጃ

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ አባቴን ይዤ ፍቅር ሐይቅ እንሄዳለን። በዝግታ እንራመዳለን፤ ሐይቁን እናያለን፤ ከዚያ ቁጭ ብለን ሻይ እንጠጣለን። አንድ ቅዳሜ ሻዩን እያማሰሉ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ እንዲህ አሉኝ፦

"ሐሙስ ዕለት ግራ ዓይኔ ላይ መጋረጃ ወረደ።"

"ምን ዓይነት መጋረጃ?"

"ከላይ ወደ ታች። ጥቁር። ሦስት ደቂቃ ያህል ቆየና ተነሣ። መነጽሬን መቀየር ሳይኖርብኝ አይቀርም።"

ሐኪሟ ከነገረችን ምልክቶች አንዱ ይሄ ነበር። ያ ቧንቧ ወደ ዓይንም እንደሚሄድ አስቀድሜ ጽፌላችኋለሁ። የረጋ ደም ቁራሽ ወደ ዓይን ሲሄድ ሰው በአንድ ዓይኑ ለደቂቃዎች ይጨልምበታል። ሕመም የለውም፤ ሰውም መነጽር ነው ይላል።

"አባዬ፣ መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው?"

ወደ ሐይቁ ዞሩ። አልመለሱልኝም። ቤት ገብተን ፓኮውን ቆጠርኩት። 19 ቀን አልወሰዱም።

19 ቀን ምን ማለት እንደሆነ በኋላ ነው የገባኝ። ፕላትሌት ከ7 እስከ 10 ቀን ብቻ ይኖራል። አስፕሪን አንዴ የነካው ፕላትሌት እስኪሞት ድረስ አይጣበቅም፤ መቅኒያችን ግን በየቀኑ መድኃኒቱ ያልነካቸውን አዳዲሶች ያመርታል። መድኃኒቱ በየቀኑ የሚዋጠው ለእነዚህ አዲስ መጪዎች ነው። አንድ ቀን ቢዘለል ብዙ ለውጥ የለም። ከሳምንት በላይ ሲሆን ግን ሰውየው መድኃኒቱን ጭራሽ ጀምሮት እንደማያውቅ ይሆናል።

ያኑ ዕለት ማታ ተመልሰን ሐኪም ዘንድ ሄድን። ምርመራው ተደገመ። ጥበቱ አልጨመረም፤ አንጎላቸው ላይ ጉዳት አልታየም። ሐኪሟ አልተቆጣቻቸውም። "ጋሼ፣ ለምን አቆሙት?" ብቻ አለቻቸው። "ደሜ ቀጠነ" አሏት። ከፊቷ የነበረውን ወረቀት አዙራ ቧንቧውን፣ ስንጥቁንና ፕላትሌቶቹን በስክሪብቶ ሣለችላቸው። አባቴ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ አዩት። "ታዲያ ከመጀመሪያው ለምን እንዲህ አላላችሁኝም?" አሉ።

ጥያቄው ለእኔም ነው። እኔ የኪኒኑን ዋጋ ከፈልኩ፤ ምን እንደሚሠራ ግን አልነገርኳቸውም። በሙያዬ የማውቀው አንድ ነገር አለ፦ የራስ ምታት መድኃኒት ራሱን ይሸጣል፤ ወሰድከው፣ ሕመሙ ጠፋ። ይሄኛው ግን ጥቅሙ የማይታይ፣ ጉዳቱ የሚታይ ምርት ነው። በትክክል ሲሠራ ምንም ነገር አይፈጠርም። ደንበኛው የሚያየው ክንዱ ላይ ያለውን ሰማያዊ ምልክት ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ምርት ያለ ማብራሪያ ሰጥተን "ታማሚው አልወስድም አለ" ብንል ጥፋቱ የማን ነው?

ለታሪክ መምህር በታሪክ

አባቴን በሥዕሉ ካሳመንኳቸው በኋላ፣ ልባቸው እንዲጸና በራሳቸው ትምህርት መጣሁባቸው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክን አነሣሁ።

ንጉሠ ነገሥቱ ከ1902 ዓ.ም. በፊት በተደጋጋሚ ታመው እንደነበር፣ በዚያ ዓመት መጀመሪያ ላይ የመታቸው ከባድ ስትሮክ ደግሞ ሰውነታቸውንና አንደበታቸውን እንደያዘው አባቴ ለተማሪዎቻቸው ያስተምሩ ነበር። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ሀገር የሚመራው ሰው በሕይወት እያለ መናገር አልቻለም። በዚያ ዝምታ ዙሪያ ቤተ መንግሥቱ ምን ያህል እንደታመሰ አባቴ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። የእሳቸው ስትሮክ ከአንገት ቧንቧ ነው የመጣው እያልኩ አይደለም። ልነግራቸው የፈለግኩት ሌላ ነው።

"አባዬ፣ አስፕሪን መቼ ገበያ ላይ እንደወጣ ያውቃሉ?"

አላወቁም። የጀርመኑ ባየር ኩባንያ አስፕሪንን መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1899፣ በእኛ በ1891 ነው። ምኒልክ በዚያ ከባድ ስትሮክ ሲመቱ ኪኒኑ በዓለም ላይ ከተሸጠ 10 ዓመት ሆኖት ነበር። ግን የራስ ምታትና የትኩሳት መድኃኒት ብቻ ነበር የሚመስለው። ደም ያለቦታው እንዳይረጋ እንደሚከላከል የጠረጠረ አልነበረም። አንድ የካሊፎርኒያ ሐኪም፣ ላውረንስ ክሬቨን፣ ቶንሲላቸው የወጣላቸው ሕመምተኞች አስፕሪን ያለበት ማስቲካ ሲያኝኩ ከልክ በላይ እንደሚደሙ አስተውሎ ይህን ሐሳብ ያነሣው በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። እንዴት እንደሚሠራ ያሳየው እንግሊዛዊው ጆን ቬን ደግሞ በ1971 ነው፤ በ1982 ኖቤል ተሸለመበት።

አባቴ ዝም ብለው ቆዩ። "ለንጉሥ ያልደረሰ ነው በለኛ" አሉ በመጨረሻ።

ጎመኑስ?

ችግራችን በዚህ አላበቃም። አንድ ቀን ምሳ ላይ አባቴ የጎመኑን ሳህን ወደ እኔ ገፉት። "ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ጎመን አይበላም" አሉ። ማን ነገራቸው? ጎረቤታችን። እኚህ እናት በሩማቲክ የልብ ሕመም ምክንያት ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ የገባላቸው ናቸው፤ ለዓመታት ዋርፋሪን ወስደዋል። ሁለቱም "ደም ማቅጠኛ" ይወስዳሉ። ስለዚህ ምክራቸውን ተለዋወጡ።

እዚህ ላይ ያ ስም ለሁለተኛ ጊዜ አሳሳተን። ሁለቱ መድኃኒቶች አንድ አይደሉም። ዋርፋሪን ፕላትሌትን አይነካም። ጉበታችን በቫይታሚን ኬ አማካይነት የሚሠራቸውን የደም ማርጊያ ፕሮቲኖች ነው የሚቀንሰው። ታሪኩም የተለየ ነው፦ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. በካናዳና በሰሜን አሜሪካ የተበላሸ ድርቆሽ የበሉ ከብቶች እየደሙ ሲሞቱ፣ ምክንያቱን ፍለጋ የተነሣው የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የካርል ሊንክ ቤተ ሙከራ ከደረሰበት ግኝት የመጣ ነው። በ1948 መጀመሪያ የአይጥ መርዝ ሆኖ ተሸጠ፤ በ1954 ለሰው ተፈቀደ።

ጎመን ቫይታሚን ኬ በብዛት ስላለው ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ዛሬ ብዙ፣ ነገ ምንም ሲያደርግ መድኃኒቱ ይዛባበታል። ለእነሱም ቢሆን ምክሩ "ጎመን እርም" ሳይሆን መጠኑን በየሳምንቱ ተመሳሳይ ማድረግ፣ አይኤንአር የሚባለውንም የደም ምርመራ በቀጠሮው ማድረግ ነው። አስፕሪን ወይም ክሎፒዶግሬል ለሚወስደው ለአባቴ ግን ጎመን ምንም አያደርገውም። እንዲያውም ለደም ግፊታቸውና ለኮሌስትሮላቸው ከጮማው ይሻላል። ለአንገት ቧንቧ ጥበት በተለምዶ የሚታዘዘው የአስፕሪን ወገን እንጂ ዋርፋሪን አይደለም። ዋርፋሪን ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላላቸው፣ የልብ ምታቸው ለተዛባ፣ እግራቸው ውስጥ ደም ለረጋባቸው ሰዎች ነው።

ጎመኑ ተመለሰ። እናቴ በቆጮ አቀረበችላቸው።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

ከሐኪሟ የሰማሁትንና ቤታችን የተማርነውን ላካፍላችሁ። የራሳችሁን ሐኪም ምክር አይተካም።

በመጀመሪያ፣ የመድኃኒቱን ስም በፊደል ጻፉ። "ደም ማቅጠኛ" አይበቃም። አስፕሪን ነው? ክሎፒዶግሬል? ዋርፋሪን? መጠኑ ስንት ነው? ወረቀቱን ቦርሳ ውስጥ አስቀምጡት፤ ጥርስ ሊያስነቅሉ ሲሄዱም ሆነ ለሌላ ሕመም ሲታከሙ አሳዩት። ለጥርስም ሆነ ለቀዶ ሕክምና ተብሎ በራስ ውሳኔ ማቋረጥ አይገባም፤ ያዘዘው ሐኪም ይወስን።

ሁለተኛ፣ ጨጓራን አትርሱ። በእኛ ሀገር ጨጓራውን የማያመው ሰው ጥቂት ነው፤ አስፕሪን ደግሞ ጨጓራን ያቆስላል። ጨጓራ ያለበት ሰው ከመጀመሩ በፊት ይናገር። ሁላችንም ከፋርማሲ እንደ ከረሜላ የምንገዛው ኦሜፕራዞል የክሎፒዶግሬልን ሥራ ስለሚቀንስ ሁለቱ አብረው ባይወሰዱ ይመረጣል፤ ሐኪሙ እንደ ፓንቶፕራዞል ያለ ሌላ ይሰጣል። ለወገብና ለጉልበት የምንውጣቸው ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከአስፕሪን ጋር ሲደረቡ ጨጓራን ያደማሉ፤ አይቡፕሮፌን እንዲያውም የአስፕሪኑን ሥራ ሊያከሽፈው ይችላል።

ሦስተኛ፣ የትኛው መድማት ያስደነግጥ፣ የትኛው አያስደነግጥ እወቁ። ትንሽ ሰማያዊ ምልክት፣ ድድ ላይ ጠብ የምትል ደም ለሚቀጥለው ቀጠሮ የሚነገር ነው። እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ እንደ ቡና አተላ ያለ ትውከት፣ ተጭነው ይዘውት የማይቆም ነስር፣ ወይም ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት ግን ያንኑ ሰዓት ሆስፒታል የሚያስኬድ ነው።

አራተኛ፣ ጾምና መድኃኒት አይጣሉም። በቀን አንዴ የሚወሰድ ስለሆነ በዐቢይ ጾምም ሆነ በረመዳን ሰዓቱን ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ ከምግቡ ጋር ማስተካከል ይቻላል። ጠበል የሚሄድም መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ።

አምስተኛ፣ ለጎረቤት አታካፍሉ። የአባቴ ጓደኞች ነገሩን ሲሰሙ "እኛም እንጀምር" ብለው ነበር። ስትሮክም ሆነ የልብ ሕመም የሌለበት ሰው ዕድሜው 60 ካለፈ በኋላ ለመከላከያ ብሎ አስፕሪን እንዳይጀምር የአሜሪካ የመከላከል ሕክምና ባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2022 መክሯል፤ የመድማቱ ጉዳት ጥቅሙን ያጠፋዋልና። ከዚያ ይልቅ ግፊታቸውን ይለኩ።

ስድስተኛ፣ አንገቱ የጠበበ ሰው አንገቱን አይታሽ። ፀጉር ቤት ውስጥ አንገት ጠምዝዞ "ቀጭ" ማድረግ ለእሱ አይሆንም።

የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል። ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተሳሰረ፣ ወይም አንድ ዓይን ድንገት ከጨለመ፣ ቢመለስም ባይመለስም ወዲያው ሆስፒታል። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ባለበት ቦታ የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ቤት ውስጥ ግን አስፕሪን አትስጡ። ስትሮክ በረጋ ደም ብቻ አይመጣም፤ ቧንቧ ፈንድቶ በሚፈስ ደምም ይመጣል፤ በሀገራችን የዚህኛው ቁጥር ቀላል አይደለም። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ሲቲ ስካን ነው። ለሚደማ አንጎል አስፕሪን እሳት ላይ ጋዝ ነው።

ዘበኛው ገባ?

አስፕሪን ተአምር አይሠራም። በድምሩ ሲታይ እንደ አባቴ ያሉ ሰዎች ከሚገጥማቸው ስትሮክና የልብ ድንገተኛ ከአምስቱ አንዱን ያህል ነው የሚያስቀረው። የግፊቱና የኮሌስትሮሉ መድኃኒት፣ እርምጃው፣ የጨው መቀነሱ ሲጨመሩበት ነው ነገሩ የሚሰምረው። አባቴ ለ40 ዓመት ያጨሱትን ሲጋራ ባለፈው ዓመት አቁመዋል። ከሁሉም የከበዳቸው እሱ ነው።

እኛ ቤት ግን "ደም ማቅጠኛ" የሚለው ቃል ቀርቷል። አዲሱን ስም ያወጡት ራሳቸው አባቴ ናቸው። "ዘበኛ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ሌባ ባይመጣ ሥራ አልሠራም አይባልም" አሉ አንድ ማታ። ከዚያ ወዲህ ከእራት በኋላ እናቴ ከማድ ቤት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ "ዘበኛው ገባ?" ትላለች። አባቴም ውኃቸውን እየጠጡ "ገብቷል!" ይሏታል።

እኔ ወር በገባ ቁጥር ፓኮውን እቆጥራለሁ። እሳቸውም እንደምቆጥር ያውቃሉ፤ ምንም አይሉኝም። ባለፈው እሁድ ቡና ላይ ስኒያቸውን በቀኝ እጃቸው ተቀብለው ጨዋታቸውን ሲቀጥሉ፣ ሁላችንም እጃቸውን ስናይ ተያዝን።

"ምን ታፈጣላችሁ?" አሉ። "ቡናውን ድገሙኝ።"

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ዘበኛ ካለ ዛሬ ማታ ስሙን አንብቡ፤ ፍሬውን ቁጠሩ። ምን እንደሚሠራም ለባለቤቱ ንገሩት። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ በጤና ቆዩኝ።